የአማቴን ስልክ ያስጾምኩ ዕለት

ሰቃ ያሉት የሚስቴ ቤተሰቦች እኔን እንደ ስልክ ሐኪም ነው የሚያዩኝ። ማዕረጉን ለራሴ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ከጅማ በሄድኩ ቁጥር የአንዱን ድምፅ ከፍ፣ የሌላውን ብርሃን ዝቅ አደርግና፣ ልብ ቀይሬ እንደወጣሁ ሁሉ ላቤን እጠርጋለሁ።

አንድ አርብ ጠዋት አማቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ዓረብ አገር የምትሠራው ታናሽ ልጃቸው ፋታ የምታገኘው አርብ ከሰዓት ብቻ ነው፤ የምትደውለውም ያኔ ነው። ወሬው ሳያልቅ ግን ባትሪው ያልቃል።

«አንተ አዋቂው፣ እስቲ አንድ በለው።»

መረመርኩት። ማለትም ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። «በሽታው ጥጋብ ነው» አልኩ። «ሳይርበው ይሰካል። መጀመሪያ ጭልጥ ብሎ ይለቅ። ይጹም፤ ከዚያ እስኪጠግብ ይብላ፤ ዕድሜው ይረዝምልዎታል።»

አማቴ በጾም የማይድን ነገር አለ ብለው አያምኑም። «ኢንሻአላህ» ብለው አስረከቡኝ።

የስልኩን መብራት አበራሁ፣ ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ከፈትኩ፤ ከጁምዓ ስንመለስ ድርግም ብሎ ጠፋ። በኩራት ሰካሁት። ብርድ እንዳይመታውም በጋቢ ጠቀለልኩት። ለካ ሶላት ላይ ሳለን የሰቃ መብራት ሄዷል!

«ማል ጎቴ? ምን አደረግከው?» አሉ አማቴ። «ስትደውል ዝግ ነው ካላት፣ እናቴ ሞታለች ብላ እዚያው ትወድቃለች እኮ!»

እዚህ ላይ ቀልዴ ሁሉ አለቀ። ሮጬ ወጥቼ ያገኘሁትን ባጃጅ አስቆምኩ። ቻርጀር አለው፤ ገመዱ ግን አጭር ስለሆነ አማቴ ከኋላ ተቀምጠው አንገታቸውን በሹፌሩ ትከሻ ላይ አሰገጉ። ቻርጀሩ የሚሠራው ባጃጁ ሲነዳ ስለሆነ ሰቃን ዞርን፤ አስፋልቱ ሳይሳሳ አልቀረም።

ባዶ ማድረጉ ለካ የድሮዎቹ ባትሪዎች ሕግ ነበር። የዛሬውን ሊቲየም ባትሪ ዜሮ መግባትም፣ መቶ ሞልቶ ተሰክቶ መዋልም ያስረጀዋል። ሃያ በመቶ ግድም ሲደርስ ሰክቶ ሰማንያ ግድም መንቀል ይሻለዋል። ከሁሉ የሚጠላው ሙቀት ነው፤ ሲሞላ ገላጣ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በጋቢ! መብራት ቢኖር ኖሮ ቤቱንም ለእሳት ዳርጌው ነበር።

ስልኩ ነፍስ ዘራ፤ ወዲያው ጮኸ። አማቴ «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ድምፁን ለሁላችንም ለቀቁት።

«እማ፣ ምንድን ነው የሚንጫጫው? ወዴት እየሄድሽ ነው?»

«የትም። ስልኩን እያበላነው ነው። የእህትሽ ባል አስጹሞት።»

«ደግሞ ምን አደረገ?»

ያቺ «ደግሞ» አጥንቴ ድረስ ገባች። ልጅቷ ከባሕር ማዶ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እናቷም ሳቁ፤ ሹፌሩ እንኳ ሳቀብኝ።

«እማማ፣ ቤትዎ ደርሰናል» አላቸው ሹፌሩ።

አማቴ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ዙር ልጄ፣ ገና ሰላምታ ላይ ነን።»