ከእናት ብቻ

የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ቤተ ሙከራውን በበረኪና ስትወለውል በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ድሬዳዋ መሆኔን ረሳሁት። ጅቡቲ ነበርኩ፤ ካርቲየ 5 ሰፈር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ።

እናቴ ፈረንጆች ቤት እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። የምትወጣው ዓርብ ብቻ ነው። እኔ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነች ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። በዚያ ሙቀት ማጥናት ምን እንደሚመስል ላስረዳሽ አልችልም። ላብሽ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ማራገቢያው ያንኑ ትኩስ አየር ይመልስልሻል፤ ከወደቡ በኩል የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ልወስድ ነበር። "አንቺ ስታልፊ እኔ አርፋለሁ" ትለኝ ነበር እናቴ። ይህን ስትል ደስ አይለኝም፤ ያስፈራኝ ነበር። የእሷ እረፍት በእኔ ባዮሎጂ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ስለ ሕዋስ ተደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ከነምርጫቸው ወደ አማርኛ መልሼ እጽፍላትና ትጠይቀኛለች። እንድታርመኝ ከትክክለኛው መልስ ሥር አሰምራለሁ። አጠያየቋ ግን ጉድ ነበር። የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንደ ፖሊስ እየጮኸች ስታነብ ቆይታ የተሰመረበት ላይ ስትደርስ ሕፃን እንደምታባብል ድምጿ ይለሰልሳል። ልጇ ስትሳሳት ለማየት አንጀቷ አይችልም።

"እማዬ፣ እየነገርሽኝ እኮ ነው!"

"እኔ ምን አልኩ? ዝም ብዬ አነበብኩ! በይ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ።"

አዞርኩ። ጆሮ ግን አይዞርም።

አንድ ዓርብ "ሚቶኮንድሪያ ከማን ይወረሳል?" የሚለው ላይ ደረሰች። ሚቶኮንድሪያ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያመነጭለት ነገር መሆኑን ቀደም ብዬ ነግሬያት ነበር።

"ሀ፣ ከአባት። ለ፣ ከሁለቱም። ሐ፣ ከእናት ብቻ።" ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እውነት ነው ይሄ?"

"እውነት ነው።"

"አባትሽ ምንም አላዋጣም?"

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መኪናውን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ፔካ 12፣ አቁሞ እየመጣ ይጠይቀን የነበረው ድሮ ነው።

"በዚህ በኩል እንኳ ምንም" አልኳት።

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በበረኪና የተላጡ ጣቶቿን እያየች፣ "እኔ እኮ ጉልበቴ የት ሄደ እላለሁ" አለች። ቀጣዩን ጥያቄ ጀምራ "ሀ" እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ፣ እንዳትነቃ፣ የቀሩትን ጥያቄዎች በቃሌ እያስታወስኩ በሹክሹክታ መለስኩ።

አለፍኩ። እሷ ግን አላረፈችም። "እስክትመረቂ" አለች፤ ከዚያ ደግሞ "ሥራ እስክትይዢ"። ሥራ ይዤ፣ ቤት ተከራይቼ ድሬዳዋ ሳመጣት እኔ ዘንድ የቆየችው አንድ ክረምት ብቻ ነው። ያውም በማለዳ እየተነሳች ቤቴን በበረኪና ስትወለውል። ክረምቱ ሲወጣ ቀበርኳት። ዛሬም ያናድደኛል፤ ማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም።

የቤተ ሙከራው ወለል ሲደርቅ ተማሪዎቼ ገቡ። ደክሞኝ ስለነበር አዲስ ትምህርት ትቼ የክለሳ ጥያቄ አነብላቸው ጀመር። ሚቶኮንድሪያ ከማን ይወረሳል? ሀ፣ ከአባት። ለ፣ ከሁለቱም። ሐ፣ ከእናት ብቻ።

"ሐ!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

ሁሉም እንዲህ በአንድ አፍ ሲመልሱ ገርሞኝ፣ "ማን ነገራችሁ?" አልኩ።

"ቲቸር፣ መልሱ ላይ ስትደርሺ እኮ ድምፅሽ ይለሰልሳል" አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ። "ሁሌም እንደዚያ ነሽ።"

ሳቁ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ቀጣዩን ጥያቄ ማንበብ ጀመርኩ።