ያለ ጉዳይ መሄድ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ሰፍሮ በነበረ ጊዜ ሁለቱንም ጉልበቴን ቁርጥማት ያዘኝ። ቁርጥማት መሆኑን የነገሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ መድኃኒቱንም እነርሱው አዘዙ። ቅቤ ተቀባ፣ ወፍራም ጋቢ ልበስ፣ ምድጃ ዳር ተቀመጥ፣ አትንቀሳቀስ። የታዘዝሁትን ሁሉ ፈጸምሁ። ክረምቱ ሲያልፍ ከመደብ ለመነሣት ግድግዳ የምይዝ ሰው ሆኜ ነበር። የታመመን ሰው ተኛ ማለት ደግነት ነው። ደግነት ሁሉ ግን እውቀት አይደለም።

ራቅ ወዳለ ስፍራ የምሄደው በበቅሎ ነበር። በመስቀል ማግሥት ባንዶች መጥተው በቅሎዬን ለጦሩ ጭነት ወሰዱ።

በኅዳር ከይጁቤ መልእክት መጣ። የመጀመሪያ ልጄ የተዳረችው እዚያ ነው፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ዱር ገብቷል። የአርበኛ ቤት እየተፈለገ ይቃጠል ስለ ነበር አማቷ፣ «ሳትከብድ መጥተው ይውሰዱልኝ» ብላ ላከችብኝ። የሚያሰጋ ነገር ባይኖርም እንኳ በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ የሚያመጣትም አባቷ ወይም ወንድሟ ነው። ወንድሟም ከባሏ ጋር ዱር ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከቤታችን ይጁቤ ጤነኛ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ ይገባል። እኔ እስከ አጥሩ ለመድረስ ምርኩዝ ያስፈልገኝ ነበር።

«በምን ሊሄዱ ነው አንቱ?» አለች ሚስቴ።

«በእግሬ።»

«በየትኛው?»

ተናደድሁ። በንዴት ደብረ ማርቆስ ገበያ በእግሬ ሄጄ በዚያው ቀን ተመለስሁ። ማታ ጉልበቴ ዱባ አከለ። ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ መጥተው ያንኑ መድኃኒት ቅቤውን ጨምረው አዘዙ።

ተኝቼ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። በጋውን ሙሉ ቆሞ የከረመን በሬ በመጀመሪያው ቀን ከጧት እስከ ማታ የሚያርስበት ገበሬ የለም። ጥቂት አርሶ ይፈታዋል፤ በማግሥቱ ጥቂት ይጨምርበታል። ጉልበቴን ያደረቀው መቀመጥ ነው፤ ያሳበጠው ደግሞ ንዴት ነው። ለበሬ የማውቀውን ለራሴ አላወቅሁትም ነበር።

እብጠቱ ሲጎድል ጀመርሁ። ጧት ከመደብ ሳልወርድ እግሬን ቀስ እያልሁ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ሲፍታታ እነሣለሁ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከማሳዬ ዳር እስከ ዳር ሄጄ እመለሳለሁ። ሕመሙ አድሮ ካልጠበቀኝ በማግሥቱ እጨምራለሁ፤ አድሮ ከጠበቀኝ እቀንሳለሁ። ጉልበቴ ካበጠና ከጋለ ያን ቀን አርፋለሁ። ሌላ ጥበብ የለውም።

ነገር ግን በጎጃም ሰው በማሳ ዳር በየማለዳው ሲመላለስ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንበርተኛዬ ሽማግሌዎች ሰብስቦ ከሰሰኝ።

«ይኸ ሰው ማለዳ ማለዳ በድንበሬ ዳር ይመላለሳል» አለ። «ቆም ይላል፣ ያያል፣ ይመለሳል። አያጭድ፣ ከብት አያግድ። ድንበር ሊገፋ ካልሆነ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ምን ጉዳይ አለህ እዚያ?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

«ጉዳይ የለኝም። ጉልበቴን ላላምድ ነው።»

«ሰው ያለ ጉዳይ ይሄዳል እንዴ?»

«የታመመማ ይተኛል» አሉ ሌላው።

«ተኝቼ አየሁት።»

«ማላመድ ከሆነ በገዛ ቤቱ ዙሪያ አይዞርም ነበር?» አለ ድንበርተኛዬ።

«ቤቴ ተዳፋት ላይ ነው።»

«አያችሁ! ለጥ ያለው የእኔ መሬት መሆኑን ለይቶ ያውቃል!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳይስ ነበረኝ። ግን የአርበኛ ሚስት ላመጣ ነው ብል ወሬው ሳይውል ሳያድር ደብረ ማርቆስ ይገባል። እነርሱም መክረው ፈረዱ፤ እኔ በእኔ በኩል ልሂድ፣ ድንበርተኛዬም በእርሱ በኩል አብሮኝ እየሄደ እግሬን ይጠብቅ።

እንዲህም ሆነ። በየማለዳው እኔና እርሱ፣ ሁለት አዛውንት፣ በአንድ ድንበር ግራና ቀኝ እንመላለስ ጀመር። እርሱ ዓይኑን ከእግሬ አይነቅልም። የታኅሣሥ ብርድ ሲጠና አማረረ።

«ኧረ አያ፣ ዛሬስ ብንተወው?»

«አንተ ቅር። እኔ እሄዳለሁ።»

«ብቻህንማ አልተውህም!»

የገና በዓል አልፎ አንድ ማለዳ፣ «አያ፣ ፈጥነሃል። ያ ሕመም ውሸት ነው ለካ» አለኝ። ማታ ለሚስቴ ስንቅ አዘጋጂ አልኋት። ለድንበርተኛዬም ነገ አልሄድም ብዬ ላክሁበት። ደስ እንዳለው ሰማሁ።

መንገዱን ለሁለት ቀን ከፈልሁት፤ እኩሌታው ላይ ዘመድ ቤት አደርሁ። ዳገቱ አላስቸገረኝም። ቁልቁለቱ ግን ጉልበቴን እንደ ሚስማር ወጋው፤ ምርኩዜን አስቀድሜ፣ ወደ ጎን እየረገጥሁ ወረድሁ። ስደርስ ልጄ ከበር ወጣች። ሆዷ ገፍቷል።

«አባቴ! በእግርዎ? በቅሎዋስ?»

«ሹመት አግኝታለች። ከጣሊያን ጋር ናት።»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ አማቷ እየሮጠች ገባች።

«ይነሡ! ማዶ መንደር ጭስ ይታያል፤ ባንዶች ገብተዋል!»

ያን ማለዳ ጉልበቴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። እንዲህ ሆኖ ብነሣ ከበሩ እንደማላልፍ አውቃለሁ። ጋቢዬን ገፍፌ እግሬን ማጠፍና መዘርጋት ጀመርሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች አማቷ።

«ላፍታታው ነው።»

«ኧረ በማርያም! ሰዉ እየተቃጠለ እርስዎ ይንጠራራሉ?»

«ሳላፍታታው ከተነሣሁ የምትሸከሙኝ እናንተ ናችሁ።»

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን እያየች እቃዋን በነጠላ ቋጠረች። ጭሱ እስከ ቤት ውስጥ ይሸት ነበር። ጉልበቴን ግን አላቻኮልሁትም። ሰው የሚያውቀውን ነገር የሚተወው በፈራ ጊዜ ነው፤ የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ነው። ሲፍታታ ተነሣሁ፣ ወጣን። አማቷም ወደ ገዛ ወንድሟ ቤት በሌላ በኩል ሄደች።

እኔና ልጄ ከአንድ ሆድና ከሁለት ጉልበት ጋር ተጓዝን። እርምጃችን እኩል ነበር። ከመንገድ ዳር አንድ ኬላ ላይ የጣሊያን አስካሪ አስቆመን።

«ወዴት ነው?»

«ጠበል» አለች ልጄ ቀድማኝ።

«ማን ነው የታመመው?»

ልጄ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ መዋሸት አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን መዋሸት አላስፈለገኝም። ሁለታችንንም አየና፣ «ሂዱ፣ እንዲህ ሆናችሁስ መቼ ትደርሳላችሁ» አለ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ቤታችን ገባን። የይጁቤው ቤት በወጣንበት ቀን መቃጠሉን የሰማነው ቆይቶ ነው። ልጄ ከጥምቀት በኋላ ወለደች፤ ሴት ናት። እኔ ገና አልዳንሁም ነበር፤ ጉልበቴ አብጦና ግሎ ስለ ነበር ማረፍ ነበረብኝ። እርሷ በአንዱ መደብ፣ እኔ በሌላው ተኛን። ሚስቴ በሁለት ዋንጫ አጥሚት ይዛ ገብታ በመካከላችን ቆመች።

«አራሷ ማን ናት?» አለች።

«ለሁለታችንም ስጪ» አልኋት።

አጥሚቱን ለሁለታችንም ሰጥታ ሕፃኗን ከልጄ ጎን አንሥታ ደረቴ ላይ አስተኛቻት። እስክትነቃ ድረስ አልተንቀሳቀስሁም።