በለቅሶ ቤት ፎቶ ላይ ያየሁት ጺም

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለሰው ሳወራው አንዳንዱ ስለማያምነኝ ይኸው ጻፍኩት።

ያኔ ጉንጬንና ከንፈሬን ሙልጭ አድርጌ እየተላጨሁ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ መንጋጋዬን የሚከተል ቀጭን ጺም ብቻ አስቀር ነበር። ሚስቴ "ፊትህን ፍሬም አስገባኸው" እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን አምሮብኛል ባይ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሥራ ባልደረባዬ አባት አርፈው ለቅሶ ልደርስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሄድኩ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል። ዳገቱን ጨርሼ ድንኳን ሳይ፣ እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ማንንም ሳልጠይቅ ሰተት ብዬ ገባሁ። እጅ ነስቼ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት አማተበች። ባልደረባዬን ስፈልግ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ካለው የሟች ፎቶ ላይ አረፈ። ሽማግሌ አይደለም። እኔ ነኝ። ቅንድቡ፣ አፍንጫው፣ በመንጋጋው የዞረው ጺም ሳይቀር የእኔ ነው። ድንኳን መሳሳቴ የገባኝ ያኔ ነው።

ልነሳ ስል ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እናት "መጣህ?" አሉኝ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ወደ ሰዉ ዞረው "ብያችሁ አልነበር? ሣጥኑን ያልከፈታችሁልኝ እሱ ስላልሆነ ነው! ድንኳኑን አፍርሱ!" አሉ።

አጠገቤ የነበረው ሰው "ልጃቸው በመኪና አደጋ ነው የሞተው። ፊቱን ስላላሳየናቸው አላምንም ብለው አንዴም አላለቀሱም" ብሎ አንሾካሾከልኝ።

"እማማ፣ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ድንኳን ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

አልሰሙኝም። "ና፣ በርዶሃል" ብለው ፊቴን ያዙ። ጣታቸው ከጆሮዬ ሥር ተነስቶ ጺሜን እየዳበሰ ወረደ። አገጬ ሥር ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ እንደገና ፈለገ።

"ጠባሳህ የታለ?" አሉኝ። "ጺምህን እንዲህ የምታደርገው እሱን ልትሸፍን አልነበር?"

እጃቸውን ከፊቴ ቀስ ብለው አነሱና "ልጄን!" ብለው ጮኹ። ድንኳኑ በሙሉ አብሯቸው አለቀሰ። እኔም የማላውቀውን ሰው አለቀስኩ።

የሟች አጎት እስከ መንገድ ሸኝተውኝ "እግዜር ነው የላከህ፤ እርማቸውን አወጡ" አሉኝ። ሚስቴም እንደዚያው ትላለች። እኔን ግን ዛሬም ደስ አይለኝም። ተስፋቸውን በገዛ ፊቴ ይዤላቸው ገብቼ፣ በገዛ ፊቴ የነጠቅኳቸው ይመስለኛል።