ለከሃዲ የማያጨበጭብ ሰው

አባቴን እሑድ ከሰዓት በኋላ ቲያትር ቤት ደጃፍ ላይ ያየ ሰው ልጁን የሚድር ይመስለዋል። ጫማው ተወልውሎ፣ ሱፉ ተተኩሶ፣ ጺሙ ሁለቴ ተላጭቶ፣ ትኬቶቹን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ በየደቂቃው ይዳብሳቸዋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ቱታ ለባሽ ነው። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ሲጠግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላው። ሰፊዎቹ ሴቶች «ዶክተር» ይሉታል። መኪና ሲታመም የካቻቢቴውን እጀታ በጥርሱ ነክሶ ጫፉን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ከዚያ «ማርሹ ነው» ወይም «መርፌ መያዣው ላልቷል» ይላል፤ ሲፈቱት ያለው ሆኖ ይገኛል።

የአባቴ ፍቅር ሙዚቃዊ ቲያትር ነው። ያውም ሁሉም ዓይነት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሚያውቀው ተረት የተሠራ መሆን አለበት። አዲስ ድርሰት ከሆነ «ይቅርብኝ» ይላል። ለምን ስትሉት መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው።

«አዲስ ታሪክ ስታዪ ሐሳብሽ ሁሉ መጨረሻው ላይ ይሆናል። የምታውቂው ሲሆን ግን ልብሽ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ነው ሰውየው እጁን እንዴት እንዳነሣ የምታዪው።»

ደግሞ እውነት አለው። አንድ ጊዜ የእንጀራ እናት ተረት አየን። ተረቱ በአምስት ደቂቃ ተነግሮ ያልቃል፤ ሴትዮዋ ክፉ ናት፣ አለቀ ደቀቀ። መድረኩ ላይ ግን ለብቻዋ አንድ ዘፈን ሰጧት። ወደማታውቀው ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን ቁም ሣጥኑን ስትከፍት የሟቿ ልብስ እንዳለ ተሰቅሎ አገኘች፤ እያንዳንዱን እያጣጠፈች ዘፈነች። አባቴ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ «ያቺ ሴትዮ እኮ ተበድላለች» ሲል ከረመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስምንት ጅቦች ተሰልፈው፣ ጥቁር ከረባት አስረው፣ ለበሏት አህያ የለቅሶ ዜማ በአራት ድምፅ ሲያወጡላት አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አባቴ ፋብሪካ ሄዶ ዜማውን ለሰፊዎቹ ሴቶች አስተማራቸው፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር ያንኑ ማንጎራጎር ጀመሩ።

የዚያ ቲያትር ቤት የዘወትር ደንበኞች አንድ ደንብ አላቸው። መጨረሻ ላይ ተዋንያኑ ወጥተው እጅ ሲነሡ፣ ክፉ ሆኖ ለተጫወተው ሰው በመጀመሪያው አያጨበጭቡለትም። እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ይሉታል። ገብቶ ሁለተኛ ሲወጣ ግን በጭብጨባ ያንቀጠቅጡታል። ዝምታው ስድብ አይደለም፤ «እውነት አስመስለህብን ነበር» ማለት ነው። አንዱ ክፉ በመጀመሪያው ስለተጨበጨበለት ቅር ብሎት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ አኮረፈ ይባላል። ይህን ደንብ ከአባቴ በላይ የሚያከብረው የለም።

አሁን የሆዴን ላውጣው። አባቴ አይሰማም።

ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዕቃ ሲያጥብ የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ እሱ ትከሻውን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ሳህኑን ማሻሸቱን ቀጠለ። ክዳኑን አነሣሁና ሆን ብዬ መልሼ ጣልኩት። ምንም። ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?» አለ፤ ዓይኑ ግን ከንፈሬ ላይ ነበር። ወዲያው እንደነቃሁበት ገባው። እጁን አደራረቀና በሩን ዘጋ። «የፋብሪካው ጩኸት ጥቂት በጥቂት በልቶት ነው። ፊት ለፊት ስታወሩኝ ከንፈራችሁን አያለሁ። ወፍራም ድምፅ እግሬ ይሰማዋል። መኪናዎቹን ደግሞ ጥርሴ ይሰማቸዋል። ምን ጎደለኝ?»

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነውና ለጆሮ መሣሪያ እንዳለ ነገርኩት። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት።

«ጆሮዬ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ይሰጡኛል፤ እናትሽ ታያለች።»

«ብታይስ ታዲያ?»

«ታውቂያታለሽ አይደል? የማይሰማ ሰው ቲያትር ቤት ምን ይሠራል ትላለች። እውነቷን ነው። ከዚያ እሑድ ይቀራል።» ፎጣውን አጣጥፎ፣ ዘርግቶ፣ እንደገና አጣጠፈው። «እሷ ፖስታ ቤት፣ እኔ ፋብሪካ፤ ማታ ደክሞን እንተኛለን። ከእናትሽ ጋር የቀረን እሑድ ብቻ ነው ልጄ። እሱን አልሰጥም። እንዳትነግሪያት።»

አልነገርኳትም። መደበቅ እንዳልነበረብኝ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን አንጀቴን በላኝ።

ድሮ የሚወደው የተረት ቲያትር መስማት ካቆመ በኋላ የውዴታ ግዴታ ሆነበት። ታሪኩን ካወቀ የሚሰማ ሰው መምሰል ይችላል፤ ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሲያለቅስ መሐረብ ያወጣል። ቦታቸው ሁለተኛው ረድፍ፣ ከበሮ መቺው ያለበት ጎን ነው። እዚያ የወለሉ ሳንቃ ከመድረኩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ከበሮውን ይከታተላል። እናቴ «ሰው ፊት ጫማ ታወልቃለህ? እግሩ ያበጠ ሰው ይመስል!» እያለች ትቆጣዋለች። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ከበሩ ጀምሮ እስከ ሰፈራችን እሱ ብቻ ያወራል። የሚያወራ ሰው መልስ አይጠየቅም፤ ይህን ዘዴ ያወጣው ራሱ ነው።

እናቴ ቃል ቆጣቢ ናት። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ «ጥቅሌ ጠፋ» ከሚል ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ስለምትውል ቤት ስትገባ ንግግሯን በልክ ነው የምታወጣው። ታዲያ አንድ ቀን «አባትሽ ዕድሜው ሲገፋ ችላ ባይ ሆነ፤ የነገርኩትን ትቶ የራሱን ይለፈልፋል» አለችኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ በልቤ።

ባለፈው ወር ቲያትር ቤቱ «ሦስቱ ወንድማማቾችና ጉድጓዱ» የሚለውን ተረት በሙዚቃ አወጣው። ሌላ ጊዜ ቀድሜ ጠያይቄ የተጨመረ ነገር ካለ ለአባቴ በጆሮው፣ ይቅርታ፣ በዓይኑ ፊት እነግረው ነበር። ለዚህኛው ምን አስጠየቀኝ? ተረቱን የማያውቅ የለም። በድርቅ ዘመን ሦስት ወንድማማቾች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ታናሹ በገመድ ወርዶ ውኃ ያገኛል፤ ታላቁ ምስጋናው ለታናሹ እንዳይሆን ቀንቶ ገመዱን ይቆርጠዋል። ታላቅ ወንድም ያለው ልጅ ሁሉ ይህን ተረት የሰማ ማታ በአንድ ዓይኑ ነው የሚተኛው።

ሦስታችንም ሄድን። እናቴ መሃል ተቀመጠች። የመጀመሪያው ክፍል ልክ እንደምናውቀው ነበር። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ በደስታ ፊቱ ፈክቶ፣ ወንድማማቾቹ ሲቆፍሩ በሚመታው ከበሮ ጉልበቱን ይነቀንቅ ነበር።

ከዚያ ታላቁ ቢላዋውን አወጣ። ገመዱ በእሱና በመካከለኛው ወገብ ላይ ታስሯል፤ ታናሹ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ድንገት ከጉድጓዱ ድምፁ ብቻ መጣ። ግድግዳው እየተናደ ነው፣ አፈሩ ወደ ታች እየጎተተኝ ነው፣ ካልቆረጣችሁት ሦስታችንም እዚህ እንቀራለን፣ እናታችንን ማን ያያታል፣ ወንድሜ ቁረጠው እያለ ዘፈነ። ታላቁ እምቢ አለ፣ ለመነ፣ አለቀሰ። ታናሹ ግን ዘፈኑን አላቆመም። በመጨረሻ ቢላዋው ወረደና ገመዱ ተበጠሰ።

በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ስረግመው የኖርኩትን ሰውዬ ባቅፈው ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ፣ ቀብር ላይ እንኳ በቀላሉ የማታለቅሰው እናቴ፣ በእንባ ብቻ ሳይሆን በሳግ ነበር የምታለቅሰው። አባቴን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥርሱን ነክሶ ራሱን ይነቀንቃል። ሲዘፈን አፍ ስለሚለጠጥ ከንፈር ማንበብ አይቻልም። እሱ ያየው ተረቱን ነው፤ ቢላዋ፣ ገመድ፣ ከሃዲ። ላስጠነቅቀው እንዳልችል እናቴ መሃላችን ናት።

ተዋንያኑ እጅ ሊነሡ ወጡ። ታላቁ ወንድም ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ተቀምጧል። ተዋናዩ ከሁለተኛው ረድፍ ላይ አየውና ፈገግታው ጠፋ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችው። አባቴ ዓይኑን ጠቅሶ ሁለት ጣቱን አሳያት፤ ሁለተኛው ላይ ማለቱ ነው።

ገና ከደጃፉ ሳንርቅ ጀመረው። እነሱ ጎን ለጎን፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

«ምቀኝነት እንዲህ ናት!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «የእናቱን ልጅ! ያን ሁሉ ሲዘፍን የነበረው እኮ ‹ለምን እሱ ይመሰገናል› ነው። እንባውንስ አየሽልኝ? የአዞ እንባ!»

እናቴ ቆመች። «ቁረጥ ያለው ታናሹ ነው እኮ» አለች።

አባቴ ስለ ምቀኝነት እያወራ ሦስት አራት እርምጃ አልፏት ሄደ።

«ቁረጥ ያለው ታናሹ ነው!» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለጀርባው። ከዚያ «አንተ!» ብላ ጮኸች። አልዞረም። እጁ አየር ላይ ነው፤ ለማን እንደሚያወራ እንኳ አላየም።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ያ ብቻውን በቂ መልስ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ካወቅኩ... ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት» አለች ቀስ ብላ። የሆነ ነገር ታስታውስ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ የተናደደችው በእኔ መስሎኝ ነበር። ሄዳ የኮቱን እጅጌ ያዘችና ዞር አደረገችው። አባቴ የእሷን ፊት አየ፣ የእኔን ፊት አየ፣ የተነሣው እጁ በቀስታ ወረደ።

«እሑድ እንዳይቀርብን ብዬ ነው» አለ።

«እሑድ የትም አይሄድም፤ እሱን ተወው!» አለች። «አምና ዝናብ ይዞን እዚህ ጥግ የተጠለልን ዕለት፣ የነገርኩህን ሰምተሃል?»

ከንፈሯን አፍጥጦ አየ። «ምን ነገርሽኝ?»

«አልሰማህም!»

«አልሰማሁም» አለ አባቴ። ውሸት የሰለቸው ሰው ሆኖ ታየኝ። «ምን ብዬ መለስኩልሽ?»

«‹ከበሮው ግሩም ነበር› አልከኝ!» እናቴ የአንድ ዓመት ቅያሜዋን አፈነዳችው። «እንኳን አንተን አገባሁ፣ እንደገና ቢሆንም አንተን ነው የማገባው አልኩህ! ሠላሳ ዓመት ሳመላልሰው ኖሬ ስንት ቀን አስቤ ብነግርህ፣ ከበሮው ግሩም ነበር!»

ፖስታ ቤት መስኮት ላይ እንኳ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ብርቱካን የሚሸጠው ሰውዬ የሚመዝነውን ትቶ ዞረ። ከቲያትሩ የወጡ ሁለት ሴቶች ሌላ ትርዒት የጀመረ መስሏቸው ቆሙ።

«ምን አልሽ?» አለ አባቴ ወደ ፊቷ ጎንበስ ብሎ።

እናቴ ሰውን ሁሉ ረስታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ፣ አፏን ከፍታ፣ ቀስ አድርጋ ነገረችው። አባቴ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው ተከተለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይቅርታ» አለ፤ «አንዴ ድገሚልኝ።»

ሁለተኛውን፣ ቀስ አድርጋ የነገረችውን፣ አንድም ቃል ሳይቀረው እንደሰማ እኔ እምላለሁ። እናቴም ታውቃለች። ደገመችለት።