ከሞት በኋላ ስልክ ያነሳችው እናት

ባለፈው እሑድ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወጣት ስልኩን ዘረጋልኝና፣ «ጋሼ፣ ባንድ ሰሞን የጨረስኩት ልብ ወለድ ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ሣቅ ብዬ ተቀበልኩት እንጂ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

የራሴው ታሪክ ትዝ ብሎኝ ነው፤ ከዓመታት በፊት፣ ኮሮና ጆሃንስበርግን የዘጋበት ብርዳም ወቅት ነበር። ጎረምሳ ነኝ። ልብስ የምሸጥበት መንገድ ጭር ስላለ፣ አገር ቤት አስተማሪ ከነበሩት ከጋሽ ታደሰ ጋር በምንጋራት ጠባብ አፓርታማ ፓፕ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በጎመን እየበላን እንውላለን። ያኔ ልብ ወለድ ያልጻፈ ማን አለ! ቴሌግራሙን በየቀኑ አዲስ የፍቅር ታሪክ ያጥለቀልቀዋል። እኔም ቻናል ከፍቼ በተከታታይ መልቀቅ ጀመርኩ። አንባቢዎች «ቀጣዩን!» ሲሉኝ ክንፍ አወጣሁ።

«የጻፍከውን መልሰህ ታነበዋለህ?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«ጊዜ የለም ጋሼ። አንድ ቀን ከዘገየሁ አንባቢው ወደ ሌላው ይሄዳል።»

«ሁላችሁም ጸሐፊ ከሆናችሁ ማን ሊያነብ ነው?» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ።

ሳላነብ ስለቅ፣ የባለታሪኳን እናት መግደሌን ረሳሁት። አስቀብሬያት ሳበቃ፣ ልጅዋ ስትደውል ስልኩን አንስታ «እህል ቀመስሽ ወይ?» አለቻት። የአንባቢው ሣቅና ስድብ ወረደብኝ። ክፍሉን ላጠፋው ስል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያላት አስቴር የምትባል አንባቢ በድምፅ መልእክት፣ «እንዳትነካው! መንገድ ሲከፈት ናና እንተዋወቅ» አለችኝ።

መንገዱ ሲከፈት በታክሲ ሄድኩ። ከሱቋ ፍርግርግ ጀርባ አስቀምጣኝ፣ ዘይቱ ገና ያልጠፈፈ ማግዊኛ፣ ያንን ቦምቦሊኖ የሚመስለውን፣ በሻይ አቀረበችልኝ። ደንበኞቿን በዙሉኛ ሰላምታ «ሳውቦና» እያለች ስታስተናግድ ቆየችና አጠገቤ ተቀመጠች። እናትዋ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ በኮሮና አርፈው፣ አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር ሳትቀብራቸው ቀርታለች።

«ሌሎቹ ይሳቁ» አለችኝ። «አንተ አስበህበት ነው ያስነሳሃት። የኔም እናት ስደውል መጀመሪያ የምትለኝ ይህንኑ ነበር። በጌታ፣ ወንድሜ፣ ደግመህ አትግደላት።»

የያዝኩትን ማግዊኛ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ስሕተት ነው እንዳልላት አንጀቴ አልቻለም፤ አስቤበት ነው እንዳልላት ደግሞ አፈርኩ። «እሺ» ብቻ አልኩ። ስትሸኘኝ እንኳ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን መስመር ለጋሽ ታደሰ ጮክ ብዬ ሳላነብ አልለቀቅኩም። አዘገየኝ፤ አንባቢው ተበተነ። እናቲቱ ግን እስከ መጨረሻው ኖረች።

ዛሬ አንዳንዶች «ደራሲው» ይሉኛል። ያን ሁሉ ሳዥጎደጉድ፣ ወዲያ ማዶ አንድ ያዘነ ሰው ቃሌን አምኖ ይጽናናበታል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። አስቴር «አስበህበት ነው» ያለችኝ ትዝ ሲለኝ፣ ብቻዬን ብሆንም እንኳ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።