ለአማቴ የከፈትኩት ብርድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከጎረቤት መኳረፌን። ይህቺ ግን ምላሴ ላይ ትደርስና ትመለሳለች። ስትሰማ ትንሽ ናት። አንዲት ሴት የመኪናዋን ኤሲ ከልክ በላይ አቀዘቀዘች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህም ኃጢአት ሆኖ ይነገራል? እናንተ ፍረዱ። እኔ በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት በሥራ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ አንተነህ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሥራው ቆጋ መስኖ ላይ ስለሆነ ሳምንቱን መራዊ ከርሞ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይመጣል። አባቱ መሪጌታ ጥበቡ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መጽሐፉ አልታይ ሲላቸው፣ ሐኪም ቤት እንዲቀርባቸው ብለን እኛ ዘንድ አመጣናቸው።

ቤት የሚያስቸግሩ ሰው አልነበሩም። የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ጸሎታቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ያደርሳሉ፣ ከትንሿ ልጄ ጋር ይጫወታሉ። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። ከወረታ አለፍ ብላ ባለችው ይፋግ የሚኖሩ ታላቅ እህታቸው አልጋ ይዘው ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደው ሊያዩዋቸው ፈለጉ። አንተነህ መራዊ ነው። መኪናውና መንጃ ፈቃዱ ያለው እኔ ዘንድ ነው። «ምን ችግር አለ፣ እኔ አደርሳቸዋለሁ» አልኩ። በአፌ።

በልቤ ግን ቅዳሜዬን አለቀስኩላት። ሳምንቱን ሙሉ ስጮህ ከርሜ የምተኛባት፣ ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ወጥቼ ዓሣ የምበላባት አንዲት ቀኔ ነበረች። አሁን ጠዋት ይፋግ፣ ቀኑን ሙሉ የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ መልስ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቻልኩት። በሁለተኛው ቂም ያዝኩ። በማን ላይ? ምንም ባላደረጉኝ ሽማግሌ ላይ።

ሚያዝያ ነበር። የፎገራ ሜዳ ደርቆ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይንቀለቀላል። ኤሲውን ከፍቼ ስነዳ መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሲስቡት በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ቆይተው በቀስታ፣

«ልጄ፣ ይቺ ንፋስ ትንሽ ቀነስ አትልም?» አሉኝ።

እጄን ዘርግቼ ማዞሪያዋን አንዴ ብነካት ያልቅ ነበር። አልነካኋትም።

«አባባ፣ ማስተካከያው ተበላሽቷል። ወይ እንዲህ ይሠራል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ እኔ ሙቀት አልችልም» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን። የምትነጂው አንቺ ነሽ» አሉና ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጠፉት።

ዋሸሁ። ማስተካከያው ደህና ነበር። ሙቀት አልችልም ማለቴም ውሸት ነው፤ የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት ነው ያሳደገኝ። ያን ጊዜ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣልኝ። ብርዱ ከጠናባቸው መንገዱን ራሳቸው ይተዉታል፤ እኔ እምቢ አልኩ አይባልም። በሦስተኛው ቅዳሜ ከቤት ሳንወጣ ቁጥሩን መጨረሻው ድረስ አወረድኩት። አሥራ ስድስት። ውጭ ሰው በላብ ይጠመቃል፣ እኛ መኪና ውስጥ ደጋ ላይ ያደርን መስለናል። የንፋሱን መውጫ ወደ ደረታቸው ያዞርኩት እኔ ነኝ። በአራተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ አደረግኩ። ሙቀት ከሰው ገላ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ለተማሪ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሴት፣ አውቄ አደረግኩት። የሚገርመው እኔም በርዶኝ ነበር። መሪውን የያዙት ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ጥርሴን ነክሼ እነዳ ነበር። ሰው ሌላውን ለማብረድ ራሱን ያበርዳል? እኔ አድርጌዋለሁ።

ተሳካልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ዓርብ ማታ እራት ላይ መሪጌታ፣

«ልጄ፣ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ብሄድ ይሻለኛል። ከሰው ጋር እየተጨዋወትሁ እሄዳለሁ። አንቺም ደክመሻል» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ እንዴት ተደርጎ!» አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩት፤ ሦስተኛ እንዳልል ግን ተጠነቀቅኩ።

በማግስቱ መናኸሪያ አደረስኳቸው። ረዳቱን ይፋግ ላይ አውርዳቸው ብዬ አደራ አልኩት። እስከ መናኸሪያ ድረስ ባለችው አጭር መንገድ እንኳ ኤሲውን አልቀነስኩም። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፉም ጣፋጭ ነበር። ልክ ስነሣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«መሪጌታ የሚባሉ አባት እዚህ ሐሙሲት ወድቀውብናል» አለች የሴት ድምፅ። «'ለልጄ ደውሉልኝ' ብለው ስምሽን ጠርተው ቁጥርሽን ከስልካቸው ያስፈለጉን እሳቸው ናቸው።»

ልጃቸው አንተነህ ነው። የአንተነህም ቁጥር ስልካቸው ውስጥ አለ። እኔን ነው ያስጠሩት።

በይፋግ መንገድ ላይ እስካለችው ሐሙሲት ድረስ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። መስኮቶቹን ከፍቼ ነበር የሄድኩት፤ ያችን ማዞሪያ ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ። ስደርስ መሪጌታ መንገድ ዳር ባለች ሻይ ቤት ጓዳ አግዳሚ ላይ ጋደም ብለዋል። ባለቤቲቱ፣ ያችው የደወለችልኝ ሴት፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ አድርጋ ውኃ በማንኪያ ትሰጣቸዋለች። የሆነውን እሷ ነገረችኝ። የተቀመጡት ፀሐይ በሚመታው በኩል ነው። መስኮት ቢከፍቱ ከኋላ ሕፃን ያዘለች እናት «ንፋስ ይመታብኛል» ስላለች መልሰው ዘጉት። መንገድ ላይ እንዳይቸግራቸው ብለው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። አውቶቡሱ ሐሙሲት ሲቆም አየር ለማግኘት ሊወርዱ ተነሥተው በሩ ላይ ተዝለፈለፉ።

«መኪና ያላት ልጅ እያለቻቸው በዚህ ሐሩር በአውቶቡስ?» አለች ሴትዮዋ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ።

መልስ የሰጡት መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እሷን አትቆጫት። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ብርድ ያበዛል፣ ደረቴ አልቻለው ብሎ ነው» አሉ።

ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ግን መሬት አልተከፈተችም። ይልቅ በሩ አጠገብ ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ኤሲ ነው የተበላሸው? እስኪ ልየው» አለ።

«ግዴለም፣ ጋራዥ እወስደዋለሁ» አልኩ።

«ምን ገዶኝ፣ ደቂቃ አይፈጅም» ብሎ ወጣ። ተከተልኩት። ሞተሩን አስነሣ። አሥራ ስድስት የሚለውን ቁጥር አየ። ማዞሪያዋን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ወደ ላይ ወሰዳት፤ ቁጥሩ አንድ በአንድ ወጣ። ንፋሱ ለዘብ አለ። መልሶ አወረዳት፤ ወረደች። እንደገና አወጣት። ከዚያ ደረት ላይ ያነጣጠረውን የንፋስ መውጫ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። ለረጅም ጊዜ።

«እህቴ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መጀመሪያ መስኮት ከፍተሽ የታፈነውን ሙቀት አስወጪ። ከዚያ ሃያ አምስት ላይ ያዥው፤ ሽማግሌ ይዘሽ ከዚህ አታውርጂው። ንፋሱንም ወደ ጣራው ልቀቂው እንጂ ሰው ላይ አትልቀቂ።»

መሪጌታን ደግፈን መኪናው ውስጥ ስናስቀምጣቸው ብርዱ እንደሌለ ተሰምቷቸው ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ተሠራ እንዴ?» አሉ በደስታ። ሹፌሩ አሁንም እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አዎ አባቴ፣ ተሠርቷል» አለ።

«እግዚአብሔር እጅህን ይባርከው! ከክፉ ይጠብቅህ! ይህቺን ልጅ ከስንት ሐሳብ አዳንሃት!» ብለው በእጃቸው መስቀል አማተቡበት። ሰውዬው ላላደረገው ሥራ የተሰጠውን ምርቃት ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ለእኔ ብሎ ተቀበለልኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

«ወደ ቤት እንመለስ» ብላቸው «እህቴን ሳላይ?» አሉ። ይፋግ ድረስ ሄድን። ከወረታ ወዲያ ዞር ብዬ ሳያቸው ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መኪናዬ ውስጥ ሲተኙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። እኔም እያለቀስኩ ነዳሁ፤ ድምፅ እንዳላሰማ ብቻ ተጠንቅቄ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ደህና ዓመታት ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ሰላም አለ፣ ይህን ስጽፍም ደስተኛ ነኝ፤ እሱን አልደብቅም። ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በደንብ ያያሉ። እህታቸው እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቅዳሜ አልቀረንም። ካረፉም በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ መሪጌታ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዛሬስ ወዴት ነን?» ይሉኛል፤ እኔም ቁልፌን አነሣለሁ። እየነዳሁ ዜማ ያስጠኑኛል፣ ድምፄ አይሆንም፣ ይስቁብኛል። ያችን አንዲት ቀኔን ወሰዱብኝ ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር፤ አሁን ከሳምንቱ የምጠብቃት ቀን የሳቸው ናት።

ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር መሪጌታ የሐሙሲቱን ታሪክ ያወራሉ። የማያውቁት ሹፌር መኪናችንን እንዴት እንዳዳነልን፣ እኔም ወሬውን ሰምቼ እንዴት እየበረርኩ እንደደረስኩላቸው። «ከወለድኋቸው ይልቅ እሷ!» ይላሉ። አንተነህ ይስቃል። እንግዳው ይመርቀኛል። እኔ ሳህን አነሣለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ልበል? አልልም። በርዷቸው አየሁ፣ ቀንሺልኝ አሉኝ፣ ዋሸኋቸው፣ ጨመርኩባቸው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚህች ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልጄን ፊደል ያስቆጥራሉ። ተነሥቼ ብነግራቸው የሚሉኝን አውቃለሁ። ዐረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» ይሉኛል፣ ጭራሽ ያጽናኑኛል። እንዲህ በቀላሉ መፈታት ይገባኛል ወይ? በዚህ ጥያቄ ነው ሁለት ዓመት የዘገየሁት። አሁን ሳስበው ግን እሱም ሌላ ማምለጫ ነው። ብዕሬን አስቀምጬ ወደ በረንዳው እሄዳለሁ።