የእማማ ዘይነባ ወይራ

ልጅ እያለሁ በመካነ ሰላም ዙሪያ ከእኔ በቀር ሥዕል የሚሥል አልነበረም። ያስተማረኝም የለም። ጥቁሩን ከከሰል፣ ቀዩን ከገደል አፈር፣ አረንጓዴውን ከግራዋ ቅጠል አውጥቼ በእንቁላል አስኳል ለወስኩት፤ የፍየል ጸጉር እንጨት ላይ አስሬ ብሩሽ ሠራሁ። ሩቅ ተራራ ሩቅ እንዲመስል ቀለሙ ውስጥ አመድ እንደሚገባ የደረስኩበት በራሴ ነው። በኋላ የተማሩ ሠዓሊዎች አይተው ተደንቀዋል።

ከድርቁ በፊት፣ ገብሱ ሲሸት፣ ከቤታችን ማዶ ያለውን ማሳ አቡጀዲ ላይ ሣልኩት። መሀሉ ላይ አንድ ወይራ ነበር። ከዛፉ በስተግራ የአያ ደምሴ፣ በስተቀኝ ባላቸው የሞቱባቸው የእማማ ዘይነባ መሬት ነው። ዛፉ ግን ሥዕሉን እንደ ምሰሶ ለሁለት ሰነጠቀብኝ። ስለዚህ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ሰማዩ ተከፈተ፤ ገብሱም ንፋስ የገባበት መሰለ። አባቴ ደስ ብሎት ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። አባቴ አረፈ። እማማ ዘይነባ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወረኢሉ ተሰደዱ። ወይራውን ሰው ቆርጦ ከሰል አከሰለው፤ ጉቶው እንኳ ተነቅሎ ነደደ። እሳቸው ሲመለሱ አብዮቱ ፈንድቶ መሬት ለአራሹ ታውጇል፤ አያ ደምሴ ደግሞ ማሳውን ጠቅልለው አርሰውታል። የገበሬ ማኅበሩ ድንበር እንዲለዩ ሽማግሌዎች ከሌላ ቀበሌ አመጣ።

«የዚህ ልጅ ሥዕል ይፍረደን» አሉ አያ ደምሴ።

አቡጀዲው ማሳው ላይ ተዘረጋ። እውነቱን ተናገርኩ።

«ዛፉ እዚህ አልነበረም። እንዲያምር ብዬ ነው የገፋሁት።»

«እማማ አባብለውህ ነው መሰል» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «የደምሴን ጎተራ ከነጥመቱ ሥለህ ዛፍ ትስታለህ?»

«ለዓይን ብዬ ነው፣ አባ።»

«ዛፉ እግር አለው እንዴ ልጄ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ዘይነባ ብቻ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«አላህ እጅህን ይባርከው፣ ያምራል» አሉኝ። «ዛፌን ግን ምነው ባልነካህብኝ።»

ችካሉ በሥዕሉ ልክ ተተከለ። የተረፋቸው ቁራሽ መሬት ልጆቻቸውን አላበላም፤ በዓመቱ ወደ ቆላ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ በስልክ ያነሱትን ፎቶ ከሥዕሌ ጎን ይዘው «አባባ፣ ይሄ ተራራ እዚህ ጋ የለም እኮ» ይሉኛል። መጀመሪያ እቆጣለሁ፤ የሥዕል ነገር መቼ ይገባቸዋል። ቆየት ብዬ ግን፣ ምነው ያን ቀን ማሳው ላይ እንዲህ ብሎ ሥዕሌን የሚጠራጠር አንድ ሰው በኖረ እላለሁ።